የቶሪካሴ ወንዝ ወደየት ይፈሳል?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያለው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አልኖረም። ኖሮ ቢሆን ያላዩትን አገር መናፈቅ ብቻ ሳይሆን፣ ባላዩት አገር ኩራት መንቀባረር፣ ባላዩት አገር ጉዳይ መኳረፍ፣ አልፎ ተርፎም ባላዩት አገር የተነሣ ሰርግ ማፍረስ እንደሚቻል በዓይኑ ያይ ነበር። ተረት ስንተርት የሚቀድመን የለም፤ ተረታችንን ቆም ብሎ መመርመር ላይ ግን ሰነፎች ነን።

የማወጋችሁ ስለ አንዲት የጃፓን ከተማ ነው። ስሟ ቶሪካሴ ይባላል። እጃችሁን ወደ ስልካችሁ አትስደዱ፤ ከንቱ ድካም ነው። እኔ ደክሜላችኋለሁ።

ቶሪካሴን ያስተዋወቁኝ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ በየነ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ሰውን ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ፣ ከረባታቸውን ግን አንድ ቀን ያላወለቁ ሰው ናቸው። ከአገር የወጡት በአብዮቱ ማግስት ነው። አሜሪካ የገቡት ቆይተው ነው። በመሃል የት ነበሩ? ቶሪካሴ፣ መርከብ ምሕንድስና ሲማሩ።

እሳቸው እንደሚሉት፣ ከተማዋን የቆረቆራት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ መንገድ የጠፋበት መስፍን ነው። ሚስቱ ስትደርስበት «ጠፋሁ» ማለት አፈረና «እዚህ ከተማ ልቆረቁር ነው የመጣሁት» አላት። ካለ በኋላ ምን ያድርግ፤ ቆረቆረ። (ይህን ስሰማ የባሌን መኪና አነዳድ አስታውሼ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ አመንኩ።) ላይኛው ሰፈር ብረት ቀጥቃጮች፣ ታችኛው ሰፈር ጨው ነጋዴዎች ይኖራሉ፤ ሁለቱ በአንድ ደወል ተጣልተው ስንት ዘመን ሳይጋቡ ቆይተዋል። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ አንዲት ምስማር ያልገባችበት የእንጨት ድልድይ አለ። በክረምት ደግሞ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ መንገድ ለመንገድ እየፈሰሰ በረዶውን ስለሚያቀልጠው የቶሪካሴ ሰው አካፋ አያውቅም። ይህን የመጨረሻውን የሚነግሩን ሁልጊዜ እኛ ጃንዋሪ ላይ መኪናችንን ከበረዶ ቆፍረን ስናወጣ ነው። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ቆመው።

የቶሪካሴ መሳፍንት ለምን ልክ እንደኛ መሳፍንት ወንድሞቻቸውን አምባ ላይ ያስሩ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ማንበብ ማቆም ግን ያቃተኝ ሴት ነኝ። መጽሐፍ ያጣሁ ዕለት የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። እናም አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ትልቁን አትላስ ገለጥኩና ጃፓንን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ዳበስኳት። ቶሪካሴ የለችም። ሠራተኛዋን ጠየቅኋት፤ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ የሱሺ አሠራር መጽሐፍ ሰጠችኝ።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሐሜት ስለማልወድ እንዳይመስላችሁ፤ እወዳለሁ። ነገር ግን እዚህ በየቤታችን፣ በየዕድሜያችን መሃል፣ መጋረጃ የወረደባቸው ጥቂት ዓመታት አሉ። አንዱ «ሱዳን ነበርኩ» ብሎ ወሬ ይለውጣል፤ ሌላው «ያን ጊዜማ ተወው» ይላል፤ እኛም እንተወዋለን። ጋሽ በየነ ግን መጋረጃው ላይ ከተማ ሣሉበት። ከተማው ደግሞ ያምራል። መጋረጃ ገላጭ ማን አደረገኝ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። የጋሽ በየነ ልጅ ሕሊና፣ ፋርማሲስት ናት፣ ናታን ከሚባል፣ እዚሁ ከኛ ወንዝ ማዶ ካለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ልጅ ጋር ተዋደደች። ሁለቱም እዚሁ የተወለዱ ናቸውና ሽምግልና ማለት ጥሩ ፎቶ የሚወጣበት ፕሮግራም መስሏቸው «ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ተላከ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የናታን አጎት ጋሽ አድማሱ ነበሩ። ዩ ስትሪት ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ኪራይ ሲንር ወንዝ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ የገቡ፣ በማንኛውም ወሬ ሁለተኛ መውጣት የማይወዱ ሰው ናቸው። እናንተ አንድ ኩላሊቴን አመመኝ ብትሏቸው እሳቸውን ሁለቱም አሟቸው ያውቃል።

እኔ ለማስተናገድ ተጠርቼ ገብቻለሁ። ሽማግሌ በወጋችን ቆሞ ነው የሚለምን። እነዚህ የቆሙበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ መኪናቸውን የነዋሪ ቦታ ላይ አቁመው ስለነበር በየተራ በመስኮት መኪና ጎታቹን ቶው ትራክ ይጠብቁ ነበር። የልጁ ዘር ተቆጠረ። ተራው የልጅቱ ሆነና ጋሽ በየነ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ወደ ራሳቸው ወረዱ፤ «ከዚያም ቶሪካሴ ገብቼ መርከብ ተማርኩ» አሉ። የት አገር እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለማ።

«ቶሪካሴ?» አሉ ጋሽ አድማሱ ፈገግ ብለው። «እኔም እኮ ኖሬባታለሁ።»

ጋሽ በየነ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም። ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ሲያንጎራጉር ከጓዳ ተቀባይ ድምፅ የሰማ ሰው ፊት ነው። ቢሆንም ለትንሽ ጊዜ ደስ ይል ነበር። ጋሽ በየነ ድልድዩን ሲያነሡ ጋሽ አድማሱ «ወይ ያ ድልድይ!» ይላሉ፤ ደወሉን ሲያነሡ «ወይ ያ ደወል!» ይላሉ። ሁለት የአገር ልጆች ተገናኙ ብለን ሳምቡሳውን አዞርን። ከዚያ ጋሽ አድማሱ ማስተጋባቱን ትተው በራሳቸው እግር ልሂድ አሉ።

«ማታ ማታ ወንዙ ዳር እቀመጥ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ሲፈስ፣ ፀሐይዋ ከውኃው ጋር ስትወርድ...»

«ወደ ምሥራቅ ነው የሚፈሰው» አሉ ጋሽ በየነ።

«ወደ ምዕራብ ነው ጌታዬ።»

«መርከብ የተማርኩት እኔ ነኝ። ወንዝ ወደየት እንደሚሄድ እርስዎ አይነግሩኝም።»

እስቲ ነገሩን አስቡት። አንደኛው ሌላኛው እንደሚዋሽ በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ግን «ውሸታም» ካለ ከተማው በላዩ ላይ ይፈርስበታል። ሌላኛው እንደታወቀበት አያውቅም፤ ነገር ግን አንዴ ኖሬያለሁ ያለበትን ከተማ ሰው ፊት ለቅቆ አይወጣም። ድምፅ ከፍ አለ። ዘር ሲቆጠር አንዲት ጥያቄ ያላነሡ ሁለቱ ሌሎች ሽማግሌዎች እንኳ አንዱ ለምሥራቅ፣ አንዱ ለምዕራብ ወገኑ። በመጨረሻ ጋሽ በየነ ተነሥተው ከረባታቸውን አጠበቁና «ወንዝ የሚገለብጥ ወገን ነገ ቃሉንም ይገለብጣል፤ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ሕሊና ከጓዳ ብቅ ብላ የነበረች፣ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሽማግሌዎቹ በቁጣ ወጡ። በቁጣ ተመለሱ። መኪናው ተጎትቶ ሄዷል።

አሌክሳንድሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ወደዚያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ የመኪና ሰልፍ ይዞን ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሲያንቀላፉ፣ ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ዘንበል አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ» አሉኝ፣ «ቶሪካሴ ቻይና ናት ጃፓን?»

«ጃፓን» አልኳቸው።

«እሱን ነው የምልሽ» አሉና መንገድ መንገዱን ያዩ ጀመር።

በማግስቱ ሕሊና ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አባቷ ቃሌን አላጥፍም ብለዋል፤ ናታንም አጎቱን ይቅርታ ይጠይቁ ማለት አልቻለም፤ አባት የሌለውን ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና። ስለ ቶሪካሴ ልነግራት አፌን ከፈት ሳደርግ ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ቶሪካሴ እንደሌለች አውቃለሁ። ኤለመንተሪ እያለሁ ስለ ከተማዋ ፕሮጀክት ሠርቼ ቲቸሯ እማዬን ኮል አድርጋ ነገረቻት።»

«ለአባትሽስ?»

«ኖ! ለእሱ ኤ አገኘሁ አልኩት።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ናታንን ማግባት እፈልጋለሁ። ግን አባዬ ሰርጌ ላይ ዳድ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው የምፈልገው። ፕሊስ ፊክስ አድርጊልኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱን ማውጣት ቀላል ነበር፤ አትላሱን ገልጦ «እነሆ፣ ከተማ ከሌለ ወንዝ የለም፣ ወንዝ ከሌለ ጠብ የለም» ማለት ነው። ሰርጉም ይድን ይሆናል፤ ሁለት ሽማግሌ ቀብሮ። እኔ የማውቀው እውነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥርሱን ሳይፍቅ ነው ሰው ቤት የሚገባ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ለሁለቱም ወገን አማካይ ይሁን ተብሎ ፎልስ ቸርች በምትባል ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ ሸንጎ ተቀመጥን። «አንባቢዋ ትፍረድ» ተብያለሁ። ትልቁን አትላስ ተውሼ ይዤ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግሁት። አልገለጥኩትም። ያልተገለጠ መጽሐፍ እንዲህ ሰው ያስፈራል ብዬ አላስብም ነበር። ጋሽ አድማሱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ጋሽ በየነ አትላሱን አዩ፣ እኔን አዩ፤ የዚያን ጊዜ እንደማውቅ አወቁ። ከረባታቸውን ያዝ አደረጉ።

መዳፌን ሽፋኑ ላይ አሳረፍኩ።

«አንብቤያለሁ» አልኩ። «ጋሽ በየነ የኖሩት ቀደም ብለው ነው። ጋሽ አድማሱ የደረሱት ኋላ ነው። በመሃል የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ወንዙ ዞረ።»

ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፈው ሰው እንኳ ቢላውን ያቆመ መሰለኝ።

«ድልድዩስ?» አሉኝ ጋሽ በየነ ቀስ ብለው።

«ተረፈ። ምስማር ስለሌለው ተወዛውዞ ቆመ።»

ጋሽ በየነ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጋሽ አድማሱ በበኩላቸው ያን ከተማ እንዲያ ሆኖ ማየቱ እሳቸውንም ሲያማቸው እንደኖረ፣ ለዚህም ነው ብዙ የማያነሡት፣ አሉ። ከዚያ «ሰው ተጎዳ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ከልባቸው።

«አልተጎዳም። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ሁሉም ገበያ ወጥቶ ነበር።»

ተነሥተው ተቃቀፉ። አንዱ «የኔ ወንዝ» ሌላው «የእርስዎ ወንዝ» እየተባባሉ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ፣ ልጅቱ ተሰጠች። አትላሱን ሳላስገልጥ ወደ መኪናዬ መለስኩት።

ሰርጉ አሌክሳንድሪያ ተደገሰ። ጋሽ በየነ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጋሽ አድማሱ ንግግር አድርገው ሁለቱን ቤተሰብ ምስማር በሌለው ድልድይ መሰሏቸው፤ ሕሊና በቬሏ ሥር ሆና ጠቀሰችኝ። ውሸት እያደር እንደ ስንቅ ይቀላል ሲባል ነበር የምሰማ። ይኸኛው ግን አምስት መቶ ሰው አብልቶ ተረፈ።

ሳህኔን ይዤ ልቀመጥ ስል አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ከግሪንቤልት ነው የመጣሁት አለች። የቶሪካሴን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ፤ የኔ ወንድምም እኮ የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ እዚያው ነበር፤ እግዜር ነው ያወጣው አለችኝ።

ልስቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሳቁ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር።

«ሌሊት ነው የሆነው» ቀጠለች፣ «በፒጃማው ነው ሮጦ የወጣው።»

ሳቄ እዚያው ቀረ። ሳህኔን አስቀመጥኩ። ወንድምሽ የነበረው ሌላ ከተማ ይሆናል እህቴ አልኳት። እሷ ወንድሜ አይዋሽም አለች፤ እኔ ወንድምሽ ገበያውን ያውቀዋል ወይ አልኩ፤ ሰው ዞሮ ያየን ጀመር። እስከ ዛሬ በመንገድ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ታዙር። ሰው ከፈለገ ስለ ወንዙ ይከራከር፣ ስለ ደወሉ ይከራከር፤ በዚህ በአንዱ ጉዳይ ግን አንዲት ጋት ወደ ኋላ አልልም።

ከሰዓት በኋላ ነው የሆነው።