ፊቱን ተዪው፣ ጀርባውን አሳዪኝ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ወጣት ዓይኗን ይዛ ታለቅሳለች። የተኳለችው ኩል ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ነው። ሁላችንም ከንፈር መጥጠን ቆመናል። ከመሀላችን አንዲት ሴት ወጥታ ከቦርሳዋ ውሃና ንጹሕ መሀረብ አወጣች፤ የልጅቱን ራስ ደረቷ ላይ ደገፍ አድርጋ "አይዞሽ፣ አትሺው የኔ ልጅ" እያለች ቀስ ብላ አጠበችላት። ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። ይሄኔ ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች።

"በይ አሁን ኩሉን አምጪው። ፊቱን ተዪው፣ ጀርባውን አሳዪኝ!"

መልኳን ባላይ እንኳ በዚህ ቃል ብቻ አውቃት ነበር። ጎረቤቴ ናት፤ ሰፈሩ ባወጣላት ስም ክብርት እትዬ ጀርባው።

በዚህ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ የቅባት ጠርሙስ ፊቱን አይቶ የሚገዛ ሰው፣ እና እትዬ ጀርባው። የእርሷን ቢጤ የማያውቅ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እናንተ ጠርሙሱ ላይ ያለችውን ቆንጆ ስታዩ፣ እነርሱ ገልብጠው ጉንዳን የምታክለውን ጽሑፍ ያነባሉ። የእኛዋ ደግሞ መሣሪያ አላት። ሟች ባለቤቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። የእርሱን አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ሰክታ ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ዕቃ ሲያወርድና ሲሰቅል ወገቡን ያመዋል።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ተፈጥሯዊ ነው። ቅጠሉን አያዩትም?"

"እባብም ተፈጥሯዊ ነው። አንገቴ ላይ ግን አልጠመጥመውም።"

"እሺ ይሄኛውስ?"

"ይሄኛው 'መዓዛ' ብሎ ዝም አለ። የምን መዓዛ? እንግዳ ይዤ መጣሁ ብሎ የእንግዳውን ስም የማይነግርህን ሰው ቤትህ ታስገባለህ?"

"እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ቀማሚ አይደለሁም።"

"እኔስ ሻጭ መሆንህን አይቼ አይደል የምጨቀጭቅህ!"

በዚህ ፈተና ያለፈ ዕቃ ወደ ሁለተኛው ፈተና ይሸጋገራል፤ ወደ ክቡ። ክንድሽን ያዝ ታደርግና ከክርንሽ በውስጥ በኩል በእስክሪብቶ ሳንቲም የምታህል ክብ ትሠራለች። መሀሏ ላይ ቅባቱን ጠብ ታደርጋለች፤ ቀኑን ከጎኑ ትጽፋለች። "ሁለት ቀን። ካላሳከከሽ ፊትሽ ይቀበለዋል።" በዚህ የተነሣ በእኛ ሰፈር ክንዱ ላይ ክብ የሌለበት ሰው እንግዳ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ አንዷን ጎረቤታችንን "ይሄ ደግሞ የምን ክትባት ነው?" ብላታለች። ባለቤቴ የመላጫ ሳሙና የለወጠ ጊዜ ክብ ይዞ ሥራ ቢሄድ አለቃው "ማኅበር ገባህ እንዴ?" አሉት።

ምሳ ብትጋብዟት "እጄን ልታጠብ" ብላ ትገባና አትወጣም። ወጡ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ የእናንተን ሻምፑ ይዛ፣ የወንጀል ማስረጃ እንዳገኘ ፖሊስ ፊቷን አኮሳትራ ብቅ ትላለች።

ለራሷ ግን ምንም አትቀባም። ተራ ሳሙና፣ ተራ ዘይት፣ በቃ። ሻሿንም ክረምት ከበጋ ወደ ግራ ጉንጯ ዘቅዘቅ አድርጋ ነው የምታስረው። ፎቶ ሲነሣ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሥራ ትዝ ይላታል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከመጻሕፍት የለቀምኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመጻሕፍት ያላገኘሁትን ከእርሷ ተምሬአለሁ። "ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው ነው ብዙው፤ መጨረሻ የተጻፈው ቁንጣሪ ነው። ማስታወቂያው የሚያወራልሽ ስለ ቁንጣሪው ነው" ያለችኝን ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውም ሳስበው ኖሬአለሁ። አስተማሪ ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ትምህርቱ ለቤቴ የደረሰው ግን የልጄ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ልጄ እንደ አባቷ ጠይም ናት። የሙሽራ ቀሚሷን ልለካ ወደ መስኮቱ ሳዞራት ጉንጯ ቀልቶ፣ ከአፍንጫዋ ዳር ቆዳዋ ተልጦ አየሁ። "ምንድን ነው?" ስላት "ፀሐይ ነው" አለች። ከመሳቢያዋ ግን ትንሽ ዕቃ አገኘሁ። ባለ ፀጉር ቤቷ "ለሙሽሮች ብቻ የማወጣው ነው" ብላ የሰጠቻት የሚያነጣ ክሬም ነው። ብናገራት አኮረፈች፤ ብለምናት በሩን ዘጋችብኝ። ጸለይኩ፤ ከዚያም ኮሪደሩን ተሻግሬ እትዬ ጀርባውን ጠራኋት።

ገባች፤ መነጽሯን ሰካች፤ "ፊቱን ተዪው" ብላ ዕቃውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ምንም የለም። መልሳ ገለበጠችው። ፊቱም ላይ የለም። ነጭ ዕቃ፣ ነጭ ክዳን።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣" አለች ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ፣ "እርስዎ ምን ቸገረዎት? ፎቶ የምነሣው እኔ ነኝ። ጠቁሬ ልውጣ?"

"ማን ነው ጠቆርሽ ያለሽ? ያ የምታገቢው ልጅ ነው?"

"እሱ እንኳ ምንም አላለኝም።"

"ታዲያ ማን አለሽ?"

ልጄ በአገጯ ወደ መስታወቱ አመለከተች።

እትዬ ጀርባው ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ከዚያ ሻሿን ፈታችው። ከግራ ጆሮዋ እስከ አገጯ ቆዳዋ ቦታ ቦታው አመድ፣ ቦታ ቦታው ከሰል መስሎ፣ ቀለሙ እንደ ረገፈ ግድግዳ ሆኗል። ዐሥራ ስድስት ዓመት ስንጎራበት አይቼው አላውቅም።

"እኔም ለሠርጌ ነበር" አለች። "የእኔም ዕቃ ነጭ ነበር። ምን አለበት ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ፊቴ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ይሄን መነጽር ግን 'ለጊዜው ላውስሽ' ብሎ ሰጠኝ፤ እስኪሞት መልሺ አላለኝም።"

ልጄ ክዳኑን ገጥማ ዕቃውን እትዬ ጀርባው መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ሦስታችንም ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ዕቃውን አገላብጣ አየችና "እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ይገኛል። በጊዜ መጣችሁ" አለች። ክሬሙን ፈጽሞ እንድታቆም፣ ፊቷን ከፀሐይ እንድትጋርድ አዘዘቻት። ክብርት መርማሪ ደግሞ ከክሊኒኩ በቀጥታ ፀጉር ቤቱ ሄዳ አንድ ወንበር ያዘች። አልጮኸችም። ለገባች ደንበኛ ሁሉ "ጀርባውን ጠይቂያት የኔ ልጅ" ብቻ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ነጮቹ ዕቃዎች ከመደርደሪያው ወርደው ነበር።

የሠርጉ ቀን ጠዋት የልጄ ፊት የአባቷን ፊት መስሎ ተመልሷል፤ ተመስገን። የተቀባችው ጥቂት ነው፤ ያም ሁሉ በክብ ያለፈ። እኔ የቀሚሷን ጫፍ የመጨረሻ ስፌት ስጨርስ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ጀርባው ናት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሻሿን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራዋለች፤ ግራ ጉንጯ ወለል ብሎ ይታያል። በእጇ አንዲት ሊፕስቲክ ይዛለች። ክንዷ ላይ ክብ አለ፤ ከጎኑ ያለው ቀን የከትናንት ወዲያ ነው፤ መሀሉ ንጹሕ።

አፌ ከእርሷ የለመደውን አገኘ።

"ፊቱን ተዪው፣ ጀርባውን አሳዪኝ።"

አልሳቀችም። መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሊፕስቲኩንም ገልብጣ አቀበለችኝ። በመስኮቱ ብርሃን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደ ጸሎት አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩት።

"ምንም ክፉ አላየሁበትም" አልኳት።

"እንግዲያውስ ቀቢኝ" አለች አገጯን ቀና አድርጋ። "እጄ ከሙሽርነቴ ወዲህ ረስቶታል። ዳር ዳሩን እንዳታበላሺብኝ ብቻ፤ ፎቶ እነሣለሁ።"