«መጣሁ» የተባለው ድራመር

ባንድ ማቋቋም ቀላል ነው። ጊታር ተጫዋች ከፈለጋችሁ መንገድ ላይ ቆማችሁ «ጊታር!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ሦስት ሰው ዞሮ ያያችኋል፣ አራተኛው ጊታሩን ይዞ ይመጣል። ዘፋኝማ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ችግሩ ማስወጣቱ ነው። ድራመር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ክቡር ድራመር አይቀጠሩም፣ ይለመናሉ። ከተገኙም በኋላ አይታዘዙም፣ ይባበላሉ። በባንዱ ውስጥ ምቱን በሰዓቱ የመጠበቅ ሥራ የተሰጣቸው እሳቸው ናቸው፤ ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰሙትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን ከጂኦግራፊ መምህሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀን ቀን ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ያስተምራል። ከሥራ በኋላ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ያለበት ባንድ ይመራል። እሱ ጊታር ይጫወታል፣ የሚስቱ ወንድም ቤዝ፤ የሰፈሩ ፋርማሲስት ደግሞ ትዘፍናለች። አራተኛው ወንበር የድራመሩ ነው። ይኼ ወንበር በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው አስቀምጦ አስነስቷል።

የመጀመሪያው ጎበዝ ነበር፤ ግን ቀስ ያለ ዘፈን ሲመጣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሁለተኛው ነቅቶ ይጫወታል፤ አመታቱ ግን የቤተ ሙከራውን ብልቃጥ በሙሉ ከመደርደሪያ አወረደው። ሦስተኛው አገባ። ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ድራሙ» ስትለው ድራሙን መረጠ፤ ከዚያ ናፍቆቷ አላስችል ብሎት ድራሙንም ተወው። አራተኛው «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ ይኸው ሰባት ዓመቱ። ስለቀሩት አምስቱ መምህሩ ማውራት አይወድም።

ማስታወቂያውም ከእነሱ ጋር እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ «ልምድ ያለው፣ ሰዓት የሚያከብር፣ የራሱ ድራም ያለው ድራመር እንፈልጋለን» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልምዱ ተሰረዘ፤ በአምስተኛው ሰዓቱ። የመጨረሻው «ድራም አይቶ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» የሚል ነበር፤ ከሥሩ የመምህሩ ሚስት ወንድም በእስክሪብቶ «ባያይም እናሳየዋለን» ብሎ ጨመረበት።

አስረኛው ይህን አንብቦ መጣ። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከነቱታው፣ የመፍቻ ሳጥኑን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መምታት ጀመረ። ፋርማሲስቷ ግጥሙ ጠፋባት። የመምህሩ ሚስት ወንድም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዙን በትክክል ተጫወተ። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ «አገኘሁ!» አለ በልቡ። ዓይኑን ሲገልጥ ወንበሩ ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«ስልክ ተደወለለት» አለች ፋርማሲስቷ። «‹መጣሁ! ሰው ሊፍት ውስጥ ቀርቷል› ብሎ ወጣ።»

«መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው መቼ እንደሚመጣ ማንም ያውቀዋል። ስሙም በዚያው መጣሁ ሆኖ ቀረ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። የወላጆች ቀን ላይ በሁለተኛው ዘፈን መሐል ስልኩ ጮኸ፤ የጣለው ዱላ ከመድረክ ተንከባሎ ሳያልቅ እሱ አጥር ዘሎ ነበር። ለምረቃ በዓሉ ጭራሽ አልመጣም። መምህሩ ሲደውልለት አያነሳም። ሠላሳ ጊዜ ይደውላል፣ አያነሳም። በነጋታው ፈገግ ብሎ ይመጣና «ጋሼ፣ ሰው ቀርቶ እኮ ነው» ይላል፤ ከዚያ እንዲያ አድርጎ ይመታና አፍ ያስይዛቸዋል።

የመምህሩ ሚስት ወንድም ግን ጥርጣሬ ገባው። አንድ ቅዳሜ በከተማው ዞሮ ሊፍት ያላቸውን ሕንፃዎች ቆጠረ። «አስራ አራት ናቸው» አለ ደብተሩን ገልጦ። «ይሄ ሰውዬ በነገረን መሠረት እስካሁን አምስት መቶ ስልሳ ሰው ቀርቷል። ይሄን ሁሉ ሰው ሊፍት ከዋጠው መንገድ ላይ የምናየው ማን ነው?»

መምህሩ ደብተሩን ተቀብሎ እንደገና ደመረው፤ ያው ነው። የባሰው ደግሞ ርዕሰ መምህርቷ አስጠርታው ነበር። «ሁለት በዓል አበላሽታችኋል» አለችው። «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ይመረቃል። በሰዓቱ ጀምራችሁ ካልተጫወታችሁ ክፍሏን ለወንበር መጋዘን እፈልጋታለሁ።» ክፍሏ ከሄደች ባንዱም ሄደ ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ የላቸውም። መምህሩ ያን ቀን ተማሪዎቹን ወንዝ ወደ ላይ ይፈሳል ብሎ አስተማራቸው።

ስለዚህ የማይደረገውን አደረገ። ለማንም ሳይናገር ሌላ ድራመር ፈለገ፤ አገኘም። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። በቀጠሮ አስር ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል፤ ስልኩን ሁለቴ ሳይጮኽ ያነሳል፤ የድራም ዱላዎቹን በመነጽር ጨርቅ ይወለውላል። እንዲህ ዓይነት ድራመር መኖሩን መምህሩ ማመን አቃተው። ችሎታውን ሊያይ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለው ባዶ የስብሰባ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ሊያስመታው ነው።

ሁለቱ አብረው ሲወጡ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መሐል ሊፍቱ ቀጥ አለ።

ግድግዳው ላይ «ለአደጋ ጊዜ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መምህሩ ቁጥሩን ገና ሲያየው አወቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲደውልበት የኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተነሳ ቁጥር ነው። «አትደውል፣ አያነሳም» ሊል ሲል የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ደውሎ ጨርሷል።

«መጣሁ!» አለ ስልኩ፣ በመጀመሪያው ጥሪ።

በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። መምህሩ ሰዓት ይዞ ቆጥሯል። ከደስታው ይልቅ ንዴቱ በለጠ፤ ለካ ሰውዬው ሲፈልግ ያነሳል፣ ሲፈልግ ይደርሳል!

«ስንት ናችሁ?» አለ የመጣሁ ድምፅ ከበሩ ውጭ።

«ሁለት ነን!» ብሎ ጮኸ ኢንሹራንሱ። «እባክህ፣ አየር የለም! አንዱ መናገር አቅቶታል!»

መምህሩ መናገር አላቃተውም፤ አፉን የዘጋው ድምፁ እንዳይታወቅ ነው። «እኔስ ደህና ነኝ» አለ በተቻለው መጠን ድምፁን አቅጥኖ።

«አይዞሽ እናቴ» አለ መጣሁ።

ኢንሹራንሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ እንደ አሳ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያኔ መጣሁ በመፍቻው እጀታ በሩን መታ ያደርግ ጀመር፤ ዱም፣ ታ፣ ዱም፣ ታ፣ ዝግ ብሎ። «ከዚህ ጋር ተንፍሱ» አለ። «በዱሙ አስገቡ፣ በታው አስወጡ።» ኢንሹራንሱ ዱላዎቹን ከቦርሳው አውጥቶ በግድግዳው ላይ ይመልስለት ጀመር፤ እየፈራ ነውና ምቱ ይሮጣል።

«ወንድሜ፣ አትሩጥ» አለ መጣሁ። «እኔ የትም አልሄድም። አንተ እስክትረጋጋ እዚሁ ነኝ።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንደገና አየ። ሦስት ዓመት «የትም አልሄድም» እንዲለው ሲለምነው የኖረው ሰው፣ ለካ ይህን ቃል በየሕንፃው በር ላይ ቆሞ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲሰጥ ነበር የሚውለው። አምስት መቶ ስልሳ ሰው። መምህሩ አፈረ፤ በጣም አፈረ።

ኢንሹራንሱ ሲረጋጋ መጣሁ «አሁን ጣሪያ ላይ ወጥቼ በእጄ አወርዳችኋለሁ፤ ምቱን እናንተ ያዙት» አለ። ያዙት። ሊፍቱ እየተንቀጠቀጠ አራተኛ ፎቅ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶም በሩ ተከፈተ፤ እሱም ልክ በዱሙ ምት ላይ ነበር የተከፈተው።

መጣሁ መምህሩን አየ። ኢንሹራንሱን አየ። ዱላዎቹን አየ።

«ጋሼ?»

«ስለ ሕይወት ኢንሹራንስ ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለ መምህሩ፣ ድምፁን ማወፈር ረስቶ።

መጣሁ ወደ ኢንሹራንሱ ዞረ። «እጅህ ጥሩ ነው። ትንሽ ትቸኩላለህ እንጂ።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ እሱ ይሻልዎታል። እውነትዎን ነው፤ እኔ አልታመንም።» ስልኩ ጮኸ። «መጣሁ!» ብሎ በደረጃው ወረደ።

መምህሩ በዚያው ማታ መጣሁ ቤት ድረስ ሄደና ቅዳሜ ወንበሩ የእሱ እንደሆነ ነገረው። መጣሁም እንደሚመጣ ቃል ገባ።

ቅዳሜ ስምንት ተኩል ላይ ኢንሹራንሱ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ፤ ዱላዎቹ ጭኑ ላይ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መጣሁ የለም። ዘጠኝ ከሩብ፤ የለም።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ያንን ሰውዬ ድራሙ ላይ ያስቀምጡት» አለች ፋርማሲስቷ። «ክፍላችን ሄደ እኮ!»

ርዕሰ መምህርቷ ሰዓቷን እያየች መጣች። «ያ የተቀመጠው ድራመር አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አለ መምህሩ። «የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። የእኛ ድራመር ሰው ከሊፍት እያወጣ ነው፤ ሲጨርስ ይመጣል።»

«ክፍሏ ትወሰዳለች፤ ተግባብተናል?»

መምህሩ ክፍሏን አሰባት፤ ግድግዳዋን፣ የአስራ ሁለት ዓመት ማታዎቿን። «ተግባብተናል» አለ።

መጣሁ አስር ሰዓት ላይ እጁ በግራሶ ቅባት እንደተለወሰ እየሮጠ ደረሰ። ግማሹ ሰው ሄዷል፤ የቀረውም ወንበር እያጠፈ ነበር። አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ወንበር የሚያጥፉት ሰዎች ማጠፋቸውን ትተው ቆመው ሰሙ። ፋርማሲስቷ እያለቀሰች ዘፈነች። ርዕሰ መምህርቷም እግሯን መሬት እየመታች ነበር፤ ሰኞ ዕለት ግን ክፍሏን ወንበር አስሞላቻት፤ ቃሏን የምታከብር ሴት ናት።

መጣሁ ነገሩን ሲሰማ የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ። በሳምንቱ ግን ከአንድ የሕንፃ ኃላፊ ቁልፍ ይዞ መጣ። አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከሊፍቱ ሞተር ጎን ባዶ ክፍል አለች፤ እስከፈለጉ ድረስ የእነሱ ናት። አንድ እንከን ብቻ አላት፤ የሕንፃው ሊፍት ዕድሳት ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ልምምድ የተቀጣጠሩት በአስራ አንድ ሰዓት ነበር። መምህሩ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ተያያዘው። ስድስተኛው ላይ ተቀመጠ። ስምንተኛው ላይ ጊታር የሚባል ነገር የፈለሰፈውን ሰው ረገመ። ፋርማሲስቷና የሚስቱ ወንድም እንኳ አልፈውት ሄደዋል። በሩን ገፍቶ ሲገባ አስራ አንድ ከሃያ አምስት ሆኖ ነበር፤ በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ አርፍዶ አያውቅም።

መጣሁ ከድራሙ ኋላ ተቀምጧል። ከአስር ተኩል ጀምሮ እዚያው ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ተነሣና ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አለው። «እነዚህ ሰዎች እንጀምር ብለው ነበር፤ እርስዎ ሳይመጡ ዱላ አላነሳም አልኳቸው።»

መምህሩ ውኃውን ጨለጠ። መሐረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ፤ ዓይኑንም አብሮ ጠረገ።