ሰይድን የመከሩት ሰዎች

መንገደኛ ልትሸኙ ሄዳችሁ ምክሩ ከስንቁ በልጦ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህ የወግ ነው።

ጎረቤቴ ሰይድ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ሲነሣ ከጤና ጣቢያ የወባ መከላከያ ኪኒን ይዞ መጣ። እኔም መምህር አይደለሁ? በሽኝቱ ዱዓ ላይ ትንኝ ወባን እንዴት እንደምታስተላልፍ ላስረዳ ተነሣሁ። ማን ሊሰማኝ!

«ኪኒን ጉበት ይበላል፣ ወላሂ!» አሉ ቆላን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት አያ ይመር። «አብሽር ልጄ፣ ዱዓው ይበቃሃል።»

«ነጭ ሽንኩርት እያለ ምን ኪኒን አስዋጠው?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽ።

ሰይድ ወደ እናቱ ዞረ። «ይህን ሁሉ ትልቅ ሰው አታሳፍር» አሉት እናቱ። ኪኒኑን መልሶ አስቀመጠው።

ይሄኔ አያ ይመር ጠጋ ብለው፣ «እንግዲህ ካልዋጥከው ለራስ ምታቴ ትንሽ ቆንጥርልኝ» አሉት። እትዬ አለምነሽም ለወገባቸው ወሰዱ። ሌላውም እጁን ዘረጋ። ያ ጉበት የሚበላ ኪኒን ዱዓው ሳይበተን ተከፋፍሎ አለቀ፤ ለሰይድ ነጭ ሽንኩርቱ ደረሰው።

አጨዳው ሳያልቅ ወባ ሰይድን እዚያው መተማ አስቀረችው። ለቅሶው ላይ አያ ይመር ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የዛሬ ልጅ ምክር አይሰማ! ያችን ኪኒን ቢውጣት ምን ነበረበት?» አሉኝ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። እናቱን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

እስቲ እናንተ ይህን ሞክሩልኝ። መንገደኛ ስትሸኙ ምክር ምላሳችሁ ላይ ከደረሰ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀብሉትና ኪኒኑን እስኪውጥ ዝም በሉ።