የዘፈዘፍኳቸው ስድስት ኳሶች

እህቶቼ፣ ዛሬ ያዋረደኝን ነገር ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ሃያ የሚሆኑ ልጆች፣ ሁለት አሠልጣኞችና አንድ ዳኛ ፊት ቆሜ "ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ብያለሁ። በእጄ የሙቀት መለኪያ ይዤ።

አትደንግጡ። መጨረሻው ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከደህናም በላይ ነው።

ልጄን ሶልያናን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንዲት አየርላንዳዊት አሉ፤ ፀጉራቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ግን የወታደር። ኮች ሞይራ እንላቸዋለን። የአገራቸው ሰዎች እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ባቋቋሙት ትንሽ ክለብ ውስጥ ልጆችን ሀርሊንግ ያሠለጥናሉ። ሶሊንም ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

ሀርሊንግ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ ዱላ አለ። ቡጢ የምታህል የቆዳ ኳስ አለች። ኳሷን በዱላው ከመሬት አንስቶ አየር ላይ መምታት ነው። ከጎሉ አግዳሚ በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት።

እኔ መጀመሪያ ሳይ ልጆቹ የተጣሉ መስሎኝ ነበር።

የሶሊ አባት ግን አይቶ ሳቀ። "ይኼማ የኛው ገና ነው" አለ። አዲስ አበባ ልጅ እያለ፣ በገና ሰሞን ከሰፈሩ ልጆች ጋር በዱላ ኳስ ያሳድዱ ነበር።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ኮቪድ ገባና ሎክዳውን መጣ፤ ከቤት አትውጡ ተባለ። ክሊፕታውን ያለው ሱቁ ተዘጋና የሶሊ አባት ቤት ዋለ። እኛ ያለነው ቤሪያ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባትና ልጅ ከኮሪደሩ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ካልሲ ጠቅልለው ኳስ ሠሩ፤ የኛን በር ጎል አደረጉት።

ኳሷ ከመሬት ከተነሳች የጎረቤት መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ በመሬት ብቻ።

ወራት ሙሉ በመሬት።

ሜዳው ሲከፈት ሶሊ ኳስ ማንሳት እንቢ አላት። እጇ የለመደው ኮሪደር ነው። ኮች ሞይራ ከዳር ሆነው "አንሺው! ሶል፣ አንሺው!" ይላሉ። እሷ ጎንበስ ትልና በመሬት ትልካታለች።

ሦስት ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አላማረረችም። ግን ቤት ስትመጣ ማሊያዋን ሳይቆሽሽ መልሳ ታጥፈዋለች። ንጹሕ ማሊያ ስታይ የሚከፋት እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የዛሬው ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ከፕሪቶሪያ ልጆች ጋር። ሶሊ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ የዕድሜ ክልል ታልፋለች። ዛሬ ካልገባች ከነዚህ ልጆች ጋር የመጨረሻዋ ነው።

ተመልካች በኮቪድ ምክንያት ክልክል ነው። ወላጅም ቢሆን ከአጥር ውጭ ይቁም ተብሏል። ግን እያንዳንዱ ክለብ አንድ የኮቪድ ኃላፊ ያስገባል። ሙቀት የሚለካ፣ ስም የሚጽፍ፣ ማስክ የሚቆጣጠር፣ "አትጩኹ" የሚል።

እጄን አወጣሁ። ልጄን በቅርብ ለማየት ነው፣ ምን እዋሻለሁ።

ኮች ሞይራ ስድስት ኳስ በቦርሳ ሰጡኝ። "ስፕሬይ አድርጊያቸው" አሉኝ። በዚህ ጊዜ ሕግ የሚጫወቱት ባለሜዳው ክለብ ባጸዳቸው ኳሶች ብቻ ነው። ባለሜዳዎቹ እኛ ነን።

ስፕሬይ?

እኔ በዚያ በሽታ ሁለት ሳምንት ተኝቼ፣ ልጄ ምግብ በር ላይ እያስቀመጠችልኝ፣ እግዚአብሔር የመለሰኝ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት በሳሙና የማጥብ ሴት ነኝ። ስድስት ኳስ፣ የስንት ልጅ እጅ የነካው፣ በስፕሬይ ብቻ ላልፍ ነው?

አርብ ጠዋት በሳሙና አጠብኳቸው። አለቀለቅኳቸው። ከዚያ ዓይኔ ከቤተ ክርስቲያን ባመጣሁት የጠበል ጀሪካን ላይ አረፈ።

ልጆቹ እንዳይጎዱ፣ እንዳይታመሙ ብዬ ነው። እንዲያሸንፉ ብዬስ? እሱንም ትንሽ አስቤያለሁ።

ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ጠበሉን ገልብጬ ኳሶቹን ዘፈዘፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት አወጣኋቸው። ውሃውን ሰው የሚረግጠው ቦታ አልደፋሁም፤ በረንዳ ላይ ያለውን አበባ አጠጣሁት።

ኳሶቹን በፎጣ ሳደርቃቸው ከበድ አሉኝ።

በረከቱ ነው አልኩ።

ጨዋታው ተጀመረ። የፕሪቶሪያዎቹ ታቦ የሚባል ረጅም ልጅ አላቸው። ከሜዳው መሃል መትቶ ከአግዳሚው በላይ የሚያሳልፍ ነው። ኳሷን አነሳ፣ ዱላውን አወዛወዘ፣ መታ።

ሁልጊዜ ድምፁ "ቋ" ነው። ዛሬ "ዱፍ" አለ።

ኳሷ እንደ ተቀቀለ ድንች አምስት እርምጃ ላይ ወደቀች። ከውስጧ ውሃ ተረጨ።

ዳኛው አንስቶ ጨመቃት። ሌላ አስመጣ። እሷም ዱፍ። ሦስተኛዋም ዱፍ። "ጤዛ ይሆናል" አለ ዳኛው ሰማዩን እያየ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

እኔ ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ።

ታቦ እንደምንም አንድ ነጥብ አገኘ፤ ጎሉ አፍ ድረስ ተሸክሞ ሄዶ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ልጅ ከሩቅ ማሳለፍ አቃተው። የኛዎቹም እንደዚያው። ኳስ አይነሳም፣ ቢነሳም አይሄድም።

ኮች ሞይራ ወንበሩን ዞር ብለው አዩ። "ሶል፣ ግቢ። ያሰኘሽን አድርጊ።"

ከአጥር ውጭ የሶሊ አባት ድምፅ ተሰማ። "በመሬት! ሶሊዬ በመሬት!"

ሄጄ "መጮኽ ክልክል ነው" አልኩት። "እሺ የሶሊ እናት" አለና ድጋሚ ጮኸ።

ልጄ ጎንበስ አለች። ያቺን ውሃ የጠጣች ኳስ በሣሩ ላይ እንደ ኮሪደሩ ላከቻት። በረኛው ወደ ላይ እያየ በእግሮቹ መሃል አለፈች። መረብ።

ከዕረፍት በፊት ደገመችው። ስድስት ለአንድ።

ማሊያዋ ላይ ጭቃ ነበር። እንዲህ ያለ ቆንጆ ጭቃ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

በዕረፍቱ የፕሪቶሪያ ልጆችን ሙቀት ልለካ ሄድኩ። ታቦ ሣሩ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። ለአሠልጣኙ ምን ሲል ሰማሁት? "ኮች፣ መምታት ረስቻለሁ። እጄ አንድ ነገር ሆኗል። ይቅር፣ ሌላ ሰው አስገባ።"

ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ልጄ ከተጠባባቂ ወንበር ስትመለስ የነበራት ፊት ነው። ያው ፊት። ያንን ፊት ለሌላ እናት ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሶሊን አየኋት። ጓደኞቿ ከብበዋታል፣ ትስቃለች። ብናገር ጎሎቿን ይሰርዙባታል። ባልናገር ነገ በምን አፌ እጸልያለሁ?

ወደ ዳኛው ሄድኩ። ሙቀቱን ልለካው መስሎት ግንባሩን አቀረበልኝ።

"አይደለም" አልኩት። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኳሶቹን ውሃ ውስጥ አሳድሬአቸዋለሁ።"

ሁሉም ዞረ። ልጆቹ፣ አሠልጣኞቹ፣ ከአጥር ውጭ ያሉት ወላጆች።

"ለምን?" አለ ዳኛው።

"ለኮቪድ። በሳሙና አጠብኩ። ከዚያ..." ለካ እውነት አንዴ ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም። "ከዚያ በጠበል ዘፈዘፍኩ።"

"ሆሊ ዋተር?" አለ የፕሪቶሪያው አሠልጣኝ።

"ለሁለታችሁም እኩል ነው" አልኩት። ከዚያ የተሻለ መከላከያ አልመጣልኝም።

አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሃያው።

ሶሊ መጣች። ጆሮዋ ቀልቷል። "እማ፣ ሲሪየስሊ? ጨዋታው እስኪያልቅ መጠበቅ አትችዪም ነበር?"

"አልቻልኩም፣ ልጄ።"

ኮች ሞይራ ማስካቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። "እናቴ" አሉ በመጨረሻ፣ "ጨዋታ ባለ ቁጥር በር ላይ የወንድሞቼን ዱላ ጠበል ትረጭ ነበር። ግን ትረጫለች እንጂ አትዘፈዝፍም!"

እህቶቼ፣ የአየርላንድ እናቶችም እንደኛው ናቸው። ይህን ማን ነገረን?

የፕሪቶሪያው አሠልጣኝ ጥቂት አሰበ። "ሁለታችንም በአንድ ኳስ ነው የተጫወትነው፤ ነጥቡ ይጽና። የቀረው በደረቅ ኳስ ይሁን" አለ። ከመኪናው ኳሶች አመጣ። ስፕሬይ አደረግኳቸው። ስፕሬይ ብቻ። ኮች ሞይራ አጠገቤ ቆመው እያዩ።

ታቦ ጋ ሄጄ "እጅህ ደህና ነው። ኳሱ ነው" አልኩት። መዳፉን ድጋሚ አየ። ከዚያ ተነሳ።

ምነው ባልተነሳ።

ቋ። ሁለት። ቋ። ሦስት። ኳሱ በርግብ ፍጥነት ከአግዳሚው በላይ ያልፋል። አራት። አምስት። እኔ ማስኬ ውስጥ እጸልያለሁ፤ ለማን እንደምጸልይ ግን ግራ ገብቶኛል፣ ልጁም አሳዝኖኛል።

ስድስት ለስድስት።

ኮች ሞይራ ሰዓታቸውን አዩ። ተጠባባቂዎቹን አዩ። ሶሊን አዩ። አሁን ሊያስወጧት ነው፤ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

አላስወጧትም።

የመጨረሻው ደቂቃ። ኳሷ በፕሪቶሪያ ጎል ፊት ልጆች መሃል ወደቀች። ስድስት ሰባት ዱላ ተጋጨ። ሁሉም ለማንሳት ይታገላል። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይመታበታል፣ ትወድቃለች።

ከአጥር ውጭ ድምፅ የለም። ኮች ሞይራ አፋቸውን ከፈቱ። "አንሺው" ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"በመሬት!" አሉ።

ልጄ አላነሳችም። ጎንበስ ብላ፣ በደረቅ ኳስ፣ ጠበል ባልነካው ኳስ፣ ከሁሉም ዱላ ሥር ላከቻት።

አረንጓዴ ባንዲራ ወጣ። ጎል። ዘጠኝ ለስድስት።

ያን ጊዜ እልል አልኩ። ማስኬን አውርጄ፣ ጠዋቱን ሙሉ "አትጩኹ" ስል የዋልኩት የኮቪድ ኃላፊ፣ ሦስት ጊዜ እልል አልኩ። ከአጥር ውጭ የሶሊ አባት "መጮኽ ክልክል ነው!" አለኝ።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ለጨዋታው ማብቂያ ይሁን ለኔ፣ እስካሁን አላወቅኩም።

ዋንጫው ትንሽ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ያህል። ልጆቹ ለሶሊ ሰጧት። ወደ ቤት በታክሲ ስንመለስ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ይዛዋለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። "እማ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ሦስተኛዋ ጎል ግን ንጹሕ ነበረች አይደል?"

"ንጹሕ ነበረች" አልኳት።

ልናገር ስሄድ ሁለት ጎል ልነጥቃት መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ግን ማንም የማይጠራጠረው አንድ ጎል ሰጣት። ተመስገን።

ከሜዳው ሳንወጣ ታቦም ሊሰናበተኝ መጥቶ ክርኑን ዘርግቶልኝ ነበር። "ማማ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከዚያ ውሃ ለኔም ትንሽ ይኖርሻል?"

"ለመርጨት ብቻ!" ብለው ጮኹ ኮች ሞይራ ከኋላችን።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርቴ ይኸው ነው። የሚረጨውን መርጨት፣ የሚዘፈዘፈውን መዘፍዘፍ። አርባ ዓመት ሲሞላኝ የተማርኩት ይህን ነው።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስድስቱ ኳሶች እንዲደርቁ በረንዳዬ ላይ ተሰጥተዋል። ሁለቱ ስፌታቸው ተከፍቷል፣ የቀሩት እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማድደዋል። ኮች ሞይራ "ጣያቸው" ብለውኛል። ጠበል የገባበትን ነገር ቆሻሻ ውስጥ እንዴት ልጣል?

አባን ለመጠየቅ አፍሬያለሁ። ነገ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ካላችሁ እባካችሁ ጠይቁልኝ። ስሜን ግን አትንገሯቸው። "አንዲት ሴት" በሏቸው።