ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጭፈራ

ከጀርመን የባሰ ጀርመን የሆነ ሐበሻ አልገጠማችሁም? እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ተስፋዬ እንዲያ ናቸው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በጥቂት ዓመቱ፣ አንድ የጥንት አቀናባሪ ከገበሬ ጭፈራ ቀድቶ ለፒያኖ የጻፋቸውን ዜማዎች ልንሰማ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ወሰዱኝ።

«ጋሼ፣ ጭፈራ ከሆነ ለምን ቁጭ እንላለን?»

«ሙዚቃ በጆሮ ነው የሚሰማው! እንዳትነቃነቅ!»

ሦስተኛው ጭፈራ ላይ የራሳቸው ትከሻ ከዳቸው። ፓስፖርት ይቀየራል እንጂ ትከሻ ይቀየራል? ወንበራቸው ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ከጎናቸው የተቀመጡት ጀርመናዊት ባልቴት ዞር አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ጋሼ ትከሻቸውን ጨብጠው «ሮይማ ነው» አሉ፤ ቁርጥማት ማለታቸው ነው።

ባልቴቷ ከፒያኖው ምት እኩል ወለሉን የሚመታ ጫማቸውን አሳዩን።

«እፎይ! እኔን ብቻ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። የኔ እግሬ ላይ ነው።»