ዘጠኝ ጊዜ የተሰናበቱት አቶ በርናባስ

ወርቅ ባለበት አገር ሁሉ ሊሄድ የተነሳ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ከሄደውም ከሚቆየውም የተለየ ፍጥረት ነው። የሄደ ሰው ሄዷል፤ የሚቆየውም ጉድጓዱ ውስጥ አጎንብሶ ይቆፍራል፤ ሊሄድ የተነሳው ግን በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ «በሉ እንግዲህ» ሲል ዓመት ያልፋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ቤት «በቃ ልሂድ» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው፣ ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ እንኳ ደጃፉ ላይ የምታገኙት ሰው የቅርብ ዘመዱ ነው።

«የበቅሎ ጆሮ» የሚባለው የእኛ የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ተሰናባች ክቡር አቶ በርናባስ ክራውች ነበሩ። ከሩቁ ቨርሞንት በመርከብ የመጡ የፖም ገበሬ ናቸው። በ1849 ጸደይ ወርቅ ፍለጋ ከአገራቸው ወጡ፤ በማግስቱ ዓመት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሱ፤ በ1853ም ገና እንደተነሱ ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ታቢታ ሁለት መቶ የፖም ዛፍ ይዘው ይጠብቋቸዋል። «ቅዳሜ መንገድ ላይ ነኝ» ይላሉ አቶ በርናባስ፣ ደህና አደሩ ስትሏቸው። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አዲስ መጤ ነው።

በሰፈራችን ወግ፣ የሚሄድ ሰው መሣሪያውን ተሸክሞ አይሄድም፤ ለጎረቤት ያከፋፍላል። በስንብት የተሰጠ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ አይጠየቅም። ሰው በጥይት ስለመምታት የነበረን ሕግ እንኳ እንደዚህኛው ጥብቅ አልነበረም። እናም በመጀመሪያው ስንብት አካፋቸውን ለእኔ፣ ቦት ጫማቸውን ለቺሌው ኢግናሲዮ ሰጡ። ምግብ የምትሸጥልን ኮርኔሊያ የደረቀ ፖም ኬክ ጋገረች። እሳቸውም ሦስት ቁራሽ በልተው ፖሙ እንደተበደለ አስረዷት። ሁላችንንም አቅፈው፣ አልቅሰው ሄዱ።

ሰኞ ተመለሱ።

«ምነው፣ በሰላም?» አልኳቸው።

«ወንዙ ሞልቷል።»

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ነሐሴ በእኛ ዘንድ ደረቅ በጋ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ወንዙን ዶሮ ብትሻገረው እግሯ አይርስም።

አቶ በርናባስ ወግ አዋቂ ናቸውና አካፋቸውን አልጠየቁም። የጉድጓዴ አፋፍ ላይ ቆመው ያዩት ጀመር እንጂ።

«ጥሩ አካፋ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እጀታውን የጠረብኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ወደ ግራ ያደላል። ለለመደው ሰው ግን…»

«ይውሰዱት፣ አቶ በርናባስ!»

«ኧረ በጭራሽ! የስንብት ስጦታ እኮ ነው!» አሉ። ይህን ሲሉ አካፋው ትከሻቸው ላይ ነበር።

በሁለተኛው ስንብት በቅሏቸው አነከሰች። በሦስተኛው መንገድ ላይ ያገኙት ሰው የከረመ የወርቅ ወሬ ነገራቸውና ተመለሱ። በአራተኛው ምክንያት ማቅረቡንም ተዉት። ኢግናሲዮ ከዚያ ወዲህ የተሰጠው ቦት ጫማ ውስጥ እግሩን አያስገባም፤ ሞራ ቀብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

«አቶ በርናባስ» አላቸው አንድ ቀን፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «የሚመለሱት ሰኞ ነው ማክሰኞ? ሞራው እንዲደርቅ ብዬ ነው።»

«አንተ ትቀልዳለህ! ቅዳሜ ስሄድ ታያለህ!»

«ሲሄዱማ ሁልጊዜ አያለሁ።»

ኮርኔሊያም በበኩሏ ለእሳቸው ስንብት ብቻ ያወጣችው ዱቄት ሌላ ሰው ቢሆን ሠርግ ይደግስበት እንደነበር ትናገራለች።

ከአምስተኛው ስንብት ጀምሮ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። አቶ በርናባስ ዕቃቸውን አከፋፍለው፣ በቅሏቸውን ጭነው ከጨረሱ በኋላ፣ ጉድጓዳቸውን ሊሰናበቱ ይወርዱና አንድ የመጨረሻ ሳህን አፈር ያጥባሉ። ሳምንቱን ሙሉ የቦሎቄ መግዣ ብቻ ሲሰጥ የከረመው ጉድጓድ ቅዳሜ ሲሆን እጁ ይፈታል። ሳህኑ ላይ አምስት ስድስት የወርቅ ቅንጣት ቁጭ!

«አያችሁ?» ይላሉ ሳህኑን ከፍ አድርገው። «እኔ ብሄድ እሱ አይለቀኝም!» ከዚያ በቅሎዋ ትራገፋለች። ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም፣ ስምንተኛውም እንዲሁ ሆነ።

በ1853 ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣላቸው። አብዛኞቻችን የሚጽፍልን ስለሌለን፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ለሁሉም ይነበባል። አቶ በርናባስ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡት።

«በርናባስ፣ አራት መጸው ፖሙን ብቻዬን ለቅሜአለሁ። አምስተኛውን ብቻዬን አልለቅምም። ፖሙ ሲቀላ እዚህ ካልደረስክ እርሻውን ሸጬ ኦሃዮ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አድራሻም አልልክልህም። ላስፈራራህ አይደለም። ደክሞኝ ነው።»

ወረቀቱን አጣጠፉት። «ቅዳሜ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃኝና እውነቱን ላውራ። ከአምስተኛው ጀምሮ በየስንብቱ የበርናባስ ጉድጓድ ውስጥ ወርቅ የምበትነው እኔ ነበርኩ።

ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ወርቅ በትኖ ለሞኝ መሸጥ በእኛ አገር የታወቀ ሌብነት ነው፤ የተያዘ ይገረፋል። እኔ የምሸጠው አልነበረኝም። እሱ ዕቃውን ሊያከፋፍል ሲዞር፣ በጠራራ ፀሐይ እወርድና ካጠብኩት ወርቅ አንድ ቁንጥር በትኜ እወጣለሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ታናሽ ወንድሜን ዴንዚልን ወንዙ ወሰደብኝ። አስከሬኑ ሲገኝ መቃብሩን አብሮኝ የቆፈረው በርናባስ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እሳቴ ዳር ይመጣል። «ይሄ ቦሎቄ ነው ጠጠር?» ይለኛል፤ ሁለት ሳህን ይበላል፤ ይሄዳል። ስለ ዴንዚል አንድ ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። ሰፈር ካለ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀርቶም አያውቅም። አምስተኛው ስንብት ላይ የምሩን መሰለኝና ፈራሁ። እሱ ከሄደ ማታ ማታ የማዳምጠው ወንዙን ብቻ ነው። ያንን ወንዝ ደግሞ እጠላዋለሁ።

አንድ ቁንጥር ወርቅ ለአንድ ሰው ርካሽ ነው ብዬ ነበር። ደብዳቤው ሲነበብ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን መሰላል ላይ ቆማ ፖም ስትለቅም ታየችኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ኮርኔሊያ ኬኳን ጋገረች። ኢግናሲዮ ጫማውን ሲቀበል ቀልድ አላመጣም። በርናባስ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ እኔም ተከትዬው ወርጄ ክንዶቼን አጣምሬ ቆምኩ፤ እጆቼን አላመንኳቸውም ነበር። ሳህኑን እያሽከረከረ አጠበ። ጠጠሩ ሄደ፣ አሸዋው ሄደ፣ ጥቁሩ ዝቃጭ ብቻ ቀረ። ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ምንም የለም» አለ።

«ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነህ፣ ጃጎ?»

አጣቢው እሱ፣ ተጠያቂው እኔ መሆኔ ግራ ገባኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ከደረት ኪሱ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ውስጧ የወርቅ ቅንጣት ነበር፤ ገርጣ ያለ። የእሱ ጉድጓድ ወርቅ ቀላ ይላል። የሚገረጣው የእኔ ነው። ይህን እንኳን በርናባስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ልብ አይልም ብዬ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ከሰው ጉድጓድ ወርቅ የሚሰርቅ ሌባ ብዙ አይቻለሁ» አለኝ። «አምጥቶ የሚጨምር ሌባ ግን ካንተ ሌላ አላየሁም።»

ፊቴ ጋለ። «ካወቅክ ታዲያ ለምን ቆየህ?»

«ለታቢታ የድንጋይ ቤት ማሠሪያ ይዤልሽ እመጣለሁ ብያት ነበር። ባዶ እጄን ፊቷ መቆም አፈርኩ። እኔ ሰበብ እፈልጋለሁ፣ አንተ ሰበብ ታመጣለህ። ምን ላድርግ? እንቢ ልበልህ?»

«አሁንስ ባዶ እጅህን አይደለም እንዴ የምትሄደው?»

መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው። ከመርከብ መሳፈሪያ ገንዘቡ በቀር የተረፈው ነገር አልነበረም። «ነው» አለ። «ፖም የሚለቀመው ግን በባዶ እጅ ነው።»

በቅሎዋ ላይ ወጣ። አላቀፈኝም፣ አላለቀሰም፣ «በሉ እንግዲህ»ም አላለም። ያን ጊዜ ነው የምር መሄዱን ያወቅሁት። ወንዙን ሲሻገር ቆሜ እንዲመለስ ጸለይኩ፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ እንዳይመለስ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ትክክለኛውን ጸሎት ሰማ፣ በርናባስ አልተመለሰም፤ እኔም ስለዚሁ ነገር እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን ትንሽ እንደተቀየምኩት አለሁ።