ሳያንኳኳ የሚገባ ሊንክ

ሐረር ውስጥ በቀጥታ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ነውር ነው የሚታየው። አንድ ሰው ቤታችሁ መጥቶ የፈለገበትን ነገር ገና ከበር ላይ ከነገራችሁ፣ ወይ እሳት ተነሥቷል ወይ ሰውየው ለአገሩ እንግዳ ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ጠፍቷችሁ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ይገባችኋል። የጠየቃችሁት ሰው በጣቱ ጠቁሞ አይሸኛችሁም። ሥራውን ትቶ አብሯችሁ ይሄዳል፤ በየጠባቡ መንገድ ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃችኋል፤ ደጃፉ ጋ ስትደርሱም ቀድሟችሁ ገብቶ "ሰው መጥቷል" ይላል። እናንተ ጊዜያችሁ የባከነ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

የኔ እንጀራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለስልክና ለኮምፒውተር መተግበሪያ እሠራለሁ። አቦከር ሰፈር ያለው ዕድራችን አባላቱ ድሬዳዋና ጅጅጋ ድረስ ስለተበተኑና ጥሩምባ ስለማይደርሳቸው፣ ማስታወቂያውን በስልክ የሚያደርስ ነገር ሥራልን አለኝ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነበር፤ መከራዬን ያበላኝ ባለሙያዎቹ ዲፕ ሊንክ የሚሉት ነው። መልእክቱ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስመር ስትነኩ መተግበሪያው ይከፈትና በቀጥታ የተፈለገው ገጽ ላይ ያደርሳችኋል፤ መግቢያው ገጽ ላይ ቆማችሁ አትፈልጉም። ይባላል እንጂ፣ አንዱ ዓይነት ስልክ እሺ ሲል ሌላው መተግበሪያውን ዘሎ ኢንተርኔት ላይ ይወስዳችኋል። የዕድሩ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያው መተግበሪያ ሁለት ሆኖ ይከፈታል። ከሁሉ የባሰው፣ መተግበሪያው ተዘግቶ ከቆየ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ይደናበርና የተላከበትን ረስቶ መግቢያው ላይ ተገትሮ ይቀራል። ስንት ሳምንት ታገልኩት። በመጨረሻ በሁሉም ላይ፣ ተኝቶም ይሁን ነቅቶ፣ ቀጥታ ገባ። ለዕድሩ ሰብሳቢ ለጋሽ ወርቁ እየነካሁ ሳሳያቸው "ፈጣን ነው" አሉ። እኔ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ታደሰ ድሬዳዋ ሆስፒታል አረፉ። የኛው ዕድርተኛ ናቸው። ጸሐፊው ማስታወቂያውን ከነፎቶው ጽፎ አስቀመጠ፤ ባስቀመጠበት ቅጽበት መልእክቱ ለአባላቱ ሁሉ ሄደ። የሠራሁት እንዲህ እንዲሆን ነው። ለሟች ክብር ሲባል ስም በመልእክቱ ላይ አይጻፍም፤ "አዲስ የሐዘን ማስታወቂያ አለ" ብቻ ይላል፣ የቀረውን የነካ ያያል። ከአባላቱ አንዷ እትዬ አስናቀች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የጋሽ ታደሰ ብቸኛ እኅት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግርም። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ተዘጋጅቶ ነው። ማንም ሰው ይህን ወሬ ለብቻው ቆሞ እንዳይሰማ አገሩ በሙሉ የሚጠነቀቀው በከንቱ አይደለም።

ጋሽ ወርቁ በባጃጅ ፈረስ መጋላ ያለችው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

"አስናቀች ስልክ አላት?"

"አላቸው።"

"ይሄ የላካችሁት ነገር ለሷም ደርሷል?"

"ለሁሉም ነው የሚደርሰው፣ ጋሼ።"

"አቦ፣ መልሰው።"

የተላከ መልእክት እንደማይመለስ ነገርኳቸው። ተቀመጡ። "ጥሩምባ ነፊው እንኳ ከመንፋቱ በፊት ያልተረዳ ዘመድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀን ነበር" አሉ። ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መልእክቱ ባይመለስም ገጹ ይነሣል። አነሣሁት። ከእንግዲህ ሊንኩን የነካ ሁሉ መግቢያው ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሰው መግቢያ ላይ እንዳይቆም ያን ያህል ስደክም ከርሜ፣ አሁን አገር ምድሩን መግቢያ ላይ አቆምኩ። ግን እትዬ አስናቀች ከዚያ በፊት ነክተውት ቢሆንስ? ሄደን እንያቸው አልኩ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "በዚህ ሰዓት ካየችን ከፊታችን ታነበዋለች።" አንዲት ጎረቤት በአጥር አሻግራ እንድታይልን ጠየቅን። ቤታቸውን እየጠረጉ ነው አለችን። ያን ጊዜ ነው ትንፋሽ የመጣልን።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሄድን። የነፍስ አባታቸው ከፊት፣ ጋሽ ወርቁ ቀጥለው፣ የዕድሩ ሴቶች ከኋላ። እትዬ አስናቀች ራሳቸው ከፈቱልን። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ወጥቷል፣ ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፣ በርሜሉ ውኃ ሞልቷል። አየሁት፤ ሌላውም አይቶታል መሰለኝ፣ ማንም ግን አልተናገረም። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው "አስናቀች፣ ታደሰ አርፏል" አሉ። ጩኸታቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ለመናገር አፍራለሁ እንጂ፣ በልቤ "ተርፌአለሁ" አልኩ።

ከሠልስቱ በኋላ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል እትዬ አስናቀች በእጃቸው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ከፍቼው ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሸዋ በር ገበያ፣ ድንች እየገዛሁ። ነካ ባደርገው ታደሰ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?" አልኩ።

"ለማን ልንገር? ብቻዬን አውቄ ብቻዬን ልጩህ? ቤቴን ጠራርጌ ጠበቅኳችሁ። ሌሊቱ ረዘመብኝ እንጂ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ወርቁ በዚያ በታመመ ወገቡ ከአልጋው ተነሥቶ ሲመጣ ሰምቼዋለሁ ብዬ ልመልሰው?"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረጉት። የጠሩኝ ለዚያ አልነበረም። ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ሰጡኝ።

"እዚያ ላይ ያለው ፎቶ እኔ ዘንድ የለም። በኋላ ደግሜ ባየው ብዬ ስነካው መግቢያው ላይ ያቆመኛል። አታስገባኝም?"

እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ካነሣሁት ወዲህ የረሳሁትን ገጽ በራሴ ስልክ መለስኩት። ስልኩን ሰጠኋቸው። ነኩት። ሳይደናበር፣ መግቢያው ላይ ሳይቆም፣ በቀጥታ ወንድማቸው ፊት አደረሳቸው።

ፎቶውን አይተው ሲያበቁ በነጠላቸው ጫፍ የስልኩን መስተዋት ጠረጉና "ጥሩ ነው የሠራኸው፣ ልጄ" አሉኝ። በዚያ ሥራ ያገኘሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው። እንዴት እንደምቀበለው ግን አላወቅሁም።